የቆረቡ ዕለት አይተፋም

ባለቤቴ ያደገው ስምጥ ሸለቆ ነው። የልጅነቱ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር ጥርሱ በልዟል። ልጃችንን ከወለድኩ ጀምሮ የምፈራው የእሷም ጥርስ እንደ አባቷ እንዳይበልዝ ነበር። ስለዚህ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ቤቴ አይገባም ብዬ ድርቅ አልኩ። አራት ዓመት ሳይሞላት የመንጋጋ ጥርሷ ተቦረቦረ።

ደብረ ማርቆስ ያገኘኋት የጥርስ ሐኪም እንደ እኔ ያሉ ደረቅ እናቶችን ለምዳለች መሰለኝ፣ አልተቆጣችኝም።

“ባለቤትሽን የጎዳው ብዛቱ ነው። የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ብሩሹ ላይ አድርጊላት፤ አጠገቧ ቁሚና አረፋውን አስተፊያት” አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጄን የማስቦርሻት እኔ ነኝ፤ እሑድ ማታ ብቻ እናቴ ታስቦርሻታለች። አንድ እሑድ ግን እናቴን ጉንፋን ስለያዛት እኔ ተተካሁ። ልጄ ቦርሻ ጨረሰችና አረፋውን በአፏ እንደያዘች ቆመች።

“ትፊው እንጂ የኔ ቆንጆ።”

ራሷን ነቀነቀች። ወዲያው ዋጥ አደረገችው።

“ቆርቤያለሁ እኮ” አለችኝ።

ለካ እሑድ እሑድ ቆርባ በመጣች ቁጥር ስትውጠው ኖራለች። ደሜ ፈላ፤ እናቴ ከተኛችበት ድረስ ሄጄ ተነጫነጭኩባት።

“ታዲያ ሥጋ ወደሙ የተቀበለ አፍ ይትፋልሽ?” አለችኝ፣ ብርድ ልብሷን እየሳበች።

በማግሥቱ ሐኪሟ ዘንድ ሮጥኩ።

“እስካሁን ለዋጠችው አትደንግጪ፤ ልማድ እንዳይሆን ግን ተጠንቀቂ። የቆረበች ዕለት ሳሙናውን ተዪው፣ በውኃ ብቻ ትቦርሽ። ብትውጠውም ውኃ ነው።”

ይህን ለእናቴ ስነግራት “ይቺስ እግዜርን የምታውቅ ሐኪም ናት” አለች።

በሚቀጥለው እሑድ እራት ላይ እናቴ የሆነ ነገር ቀልዳ ባለቤቴ ሳቀ፤ እንደ ልማዱ አፉን በመዳፉ ከልሎ። ልጄ ትክ ብላ አየችው።

“አባዬ፣ አንተም ቆርበሃል?”

“አልቆረብኩም፤ ምነው?”

“ታዲያ አፍህን ለምን ትሸፍናለህ?”

ዞሮ እኔን አየኝ።

“እስኪ ሳቅህን ድገመው” አለችው ልጄ።

እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ሳቀላት። በትዳር ስንኖር ሲስቅ ጥርሱን በሙሉ ያየሁት ያን ማታ ነው። ሳቅ ያምርበታል።