የሁዳዴው ክኒን

አደይ ቂም ትችልበታለች። ባሕር ዳር ውስጥ ከእሷ የተሻለች ነርስ ትኖር ይሆናል፤ ከእሷ የባሰች ቂመኛ ግን አላውቅም። ደግም አደረገች እላለሁ።

የዘጌዋ ታላቅ እህቷ ወለተ ኪዳን ሌላ ብትወልድ እንደምትሞት ተነግሯት ነበር የወሊድ መከላከያ ክኒን የጀመረችው። የሰጣት የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጓድ ሣህሉ ነው። ሁዳዴ ሲገባ በታንኳ ተሻግራ መጣችበት።

«በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ። ማታ ብውጠውስ ጌታዬ?»

«ጠዋት ተብሏል፣ ጠዋት ነው! የቄስ ወሬ እዚህ አታምጪብኝ!»

ጾሟን ከምትሽር ክኒኑን ተወችው። ባሏ ደግሞ የሆድ ጾም እንጂ የአልጋ ጾም የማያውቅ ሰው ነው። ለፋሲካ እርጉዝ ነበረች፤ በምጥ ሞተች። ሣህሉ ለቅሶ አልደረሰም። «ረስታ ነው፤ እነዚህ ሴቶች ምን ያስታውሳሉ?» ሲል አደይ በጆሮዋ ሰማች። ግን እዚያው ጤና ጣቢያ ከሥሩ መሥራቷን ቀጠለች።

በዓመቱ ከአዲስ አበባ አጥኚዎች መጡ፤ ክኒን እየወሰዱ የሚያረግዙ ሴቶች በዝተው ነበርና ምክንያቱን ይፈልጋሉ። አደይን ጠያቂ አደረጓት። መጠይቁ «መዋጥ ረስተው ያውቃሉ?» ይላል። ሴቶቹ ሁሉ «ኧረ አልረሳሁም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። አደይ ከራሷ ጨመረች፦ «በሁዳዴስ?»

«ምን ነካሽ እቴ! በሁዳዴማ ማን በጠዋት አፉን ይከፍታል?»

አብዛኞቹ ያረገዙት በጾም ወራት ሆኖ ተገኘ። ክኒኑ ከእራት ጋር እንዲዋጥ ተወሰነ። ያን ጊዜ አደይ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ፣ በካድሬዎቹ ፊት ተነሣች። «ጠዋት ብለው ያዘዙት ጓድ ሣህሉ ናቸው፤ ዞረው ያርሙትም እሳቸው ራሳቸው» አለች። እምቢ ቢል በአብዮቱ ላይ ማመፅ ነው። ስለዚህ መንደር ለመንደር ዞረ፤ መንገድ የምትመራው አደይ ናት። ሴቶቹ ክኒናቸውን ማታ መዋጥ ጀመሩ። እሷ ግን ገና አልጠገበችም።

በመጨረሻ ዘጌ ወስዳ አንዲት አሮጊት ደጅ አቆመችው፤ እናቷ ናቸው።

«ለእኚህ ምን ያደርግላቸዋል?» አላት።

«ግድ የለም፣ ይንገሯቸው።»

ቆቡን አወለቀ። «እማማ፣ ክኒኑ ማታም ቢሆን ይዋጣል» አለ።

እናትዮዋ ትክ ብለው አዩት። «ልጄም ይኸንኑ ነበር የጠየቀችህ» አሉት።