ትከሻውና ወገቡ

ደም ቀጂዋ ሴትዮዋን ገና ስትገባ ልብ ብላታለች። ሃምሳን የተሻገረች ልብስ ሰፊ ናት፤ ደረቷ ላይ መርፌ ከነክሩ ተሰክቷል፣ ጣቶቿም አርፈው አይቀመጡም፣ የወንበሩን ስፌት ይዳስሳሉ።

«ልጄ፣ የዚህ የደም ምርመራ ቁጥር ከፍ ካለ የኦቫሪ፣ የእንቁላል ማምረቻዬ ካንሰር ነው ማለት ነው?» አለች ክንዷን ዘርግታ።

«ብቻውን አይፈርድም፣ እናቴ። በሌላ ምክንያትም ይጨምራል፤ ዝቅ ቢልም ነፃ ነዎት አያሰኝም። ሐኪሙ ከአልትራሳውንዱ ጋር ነው የሚያየው። ሆድዎን ያምዎታል?»

«እኔስ ደህና ነኝ። በዚሁ የሄደችው ታላቅ እህቴ ናት።» ድምጿ ወረደ። «ሆዴን ነፋኝ ስትለኝ የቀሚሷን ወገብ ፈትቼ ለቀቅ አደረግኩላት። ትከሻው ደግሞ ወርዶባት ነበር፤ እሱን አጠበብኩት። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቀሚስ! ሆዷ እየገፋ ሰውነቷ ሲከሳ እጄ ለክቶታል። እኔ ግን ‹ደላሽ!› ብዬ አሳቅኳት።»

ደም ቀጂዋ ደሙን ቀድታ መርፌውን ነቀለች። ጥጡን ክንዷ ላይ አስይዛ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን ነገረቻት።

ሴትዮዋ በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። የደም ቀጂዋን ጋዎን ትከሻው ላይ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ያዘች።

«ሰፍቶሻል። ከስተሻል እንዴ?»

«ኧረ የጓደኛዬ ጋዎን ነው!» ብላ ሳቀች ደም ቀጂዋ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም።

«ይሁን፤ ለማንኛውም ሐኪም ጋ ታዪ» አለቻት።