የታሰረችው አህያና የአያ ሰማኸኝ ጋቢ

አያ ሰማኸኝ አፉን መሸፈን ሲጀምር ኮሮና የሚባል ነገር ገና አልተወለደም። የጋይንት ደጋ ብርድ ጥርሱን በጉብዝናው ስለፈጀው፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ጠቅልሎ ያርሳል፣ ጠቅልሎ ያጭዳል፣ ጠቅልሎ ገበያ ይወርዳል። ጎረቤቶቹ አገጩን የሚያዩት ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ሰው ስል እንደኔና እንደናንተ ያለውን ማለቴ አይደለም፤ ቄስ፣ ሽማግሌ ወይም ሹም ማለቴ ነው። ከነዚህ አንዱ ብቅ ካለ አያ ሰማኸኝ ይቆማል፣ ጋቢውን ከአፉ ያወርዳል፣ ወገቡ ላይ ያደገድጋል፣ ከዚያ እጅ ይነሳል። አባቱ ያስተማረው እንዲህ ነው፦ በትልቅ ሰው ፊት አፍን ሸፍኖ መቆም "እኩያህ ነኝ" ማለት ነው። አያ ሰማኸኝ ደግሞ በዕድሜው ለማንም ሹም እንዲህ ብሎ አያውቅም።

የአገር ጨዋ ማለት እንግዲህ እሱ ነው። መንግሥትም ጨዋ ይወዳል፤ ሲይዙት አይሮጥማ።

በኮሮናው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ለክብሯ ስል ስሟን በማልጠራት አንዲት የሐሙስ ገበያ፣ ያለ ጭንብል መግባት ክልክል ነው ተባለ። መባሉ መልካም ነበር፤ በሽታው የምር በሽታ ነው። ጭንብሉ ግን ከአዋጁ ጋር አብሮ አልመጣም። ገበያው በር ላይ ገመድ ተወጠረ፣ ሚሊሻ ቆመ። ሕዝቡም ከየት እንዳመጣት እንጃ አንዲት ጭንብል አገኘ። አንዱ አጥልቋት ይገባል፣ ውስጥ ሲደርስ አውልቆ በአጥሩ ላይ ይወረውራታል፣ ቀጣዩ ቀልቦ ያጠልቃታል። እስከ ቀትር ያቺ ጭንብል ግማሽ ጋይንትን ስማ ጨረሰች። ወደ ላይ የተላከው ሪፖርት "ኅብረተሰቡ መቶ በመቶ ተጠቃሚ ሆኗል" ይላል።

አያ ሰማኸኝን ያቺ ጭንብል አላስፈለገችውም። በጋቢው ተጀቡኖ ገባ፣ ዘር ስንዴውን ገዝቶ አህያው ላይ ጫነ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አቶ ተስፋሁን ቆሟል። አቶ ተስፋሁን የወረዳው አስተዳዳሪ ነው፤ ፎቶ ሊነሳ ወጥቶ፣ ጭንብሉን እንደ ፍየል ጢም አገጩ ላይ አንጠልጥሏል። አያ ሰማኸኝ ሹም አየ። ቆመ፤ ጋቢውን አወረደ፣ አደገደገ፣ እጅ ነሳ።

"ይኸው!" አለ አቶ ተስፋሁን ወደ ካሜራው ዞሮ። "ዓይናችን እያየ ተገለጠ! የግንዛቤ ክፍተት ማለት ይኸ ነው! ያዘው!"

"ማንን? አያ ሰማኸኝን?" አለ ሚሊሻው ሞላ፤ የሰውዬው የጎረቤት ልጅ ነው። "ኧረ ጌታዬ፣ እሳቸው እንኳን ገበያ፣ ሲተኙም አይገለጡ!"

ሰው አጭቆ ማሰር በሽታ ያዛምታል የሚል መመሪያ ነበር። ስለዚህ አህያዋ እንድትታሰር አቅጣጫ ተቀመጠ።

"አይዞዎት አያ" አለ ሞላ አህያዋን ወደ ወረዳው ግቢ እየነዳ፤ "ቅዳሜ ስብሰባ አለ፣ ያኔ ትፈታለች።"

"ምናለ እኔን ብታስሩኝ?" አለ አያ ሰማኸኝ። "እኔ ብረጥብ አልበቅል። ስንዴው ግን ጆንያው ውስጥ ይበቅላል።"

እርሻው ታርሶ፣ ለስልሶ ዘር ብቻ ይጠብቃል። ያ ስንዴ ከበሰበሰ የሚተካው ሌላ የለም፤ ቤተሰቡ ለከርሞ የሚበላው እዚያ ጆንያ ውስጥ ነው። ሐሙስ ማታ ዘነበ። ዓርብም ሲዘንብ ውሎ አደረ። ሚስቱ ደጊቱ በሩ ላይ ቆማ ሰማዩን እያየች፣ "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምቼ ነበር" አለች። "ከወረዳም እንደማያስጥል አየሁ።"

ቅዳሜ ሹማምንቱ "አዋጁን እንዴት እናስፈጽም?" ብለው ተሰበሰቡ፤ መስኮቱን ዘግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው። አንዱ ገበያው ይዘጋ አለ። ሌላው ግብሩን ከማን ልንሰበስብ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ቅንጅታዊ አሠራር ይጠናከር ሲል ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከአዳራሹ ጭንብሏን በወጉ ያጠለቀችው የጤና ኃላፊዋ ዮዲት ብቻ ናት።

"ጋቢም ሆነ ነጠላ፣ አፍና አፍንጫን እስከ ሸፈነ እንቀበለው" አለች።

"አይሰማም ዮዲት፣ አውልቂውና ተናገሪ" አሏት።

"አላወልቅም!"

"እንግዲያው በጽሑፍ አቅርቢ።"

ከዚህ በኋላ አያ ሰማኸኝ እንደ ናሙና ተጠራ። ገባ፤ ያን ሁሉ ሹም በአንድ ጊዜ ሲያይ ደንግጦ ጋቢውን እስከ ወገቡ አወረደ።

"ይሸፈኑ!" ብሎ አዳራሹ ጮኸ። ሸፈነ።

"አባቴ፣ ጥፋትዎን ያምናሉ?" አለ አቶ ተስፋሁን።

ሹም ጠይቆት ተሸፍኖ ሊመልስ? አወረደ።

"ይሸፈኑ አልን እኮ!"

ጋቢው እንደ ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ ቆየ። በመጨረሻ አያ ሰማኸኝ እጁን ዘረጋ። "ጌቶቼ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አላውቅበትም። ተሸፍነህ ተናገር ካላችሁኝ፣ ተሸፍኜ የምናገረው ከእኩያዬ ጋር ብቻ ነው።"

"ይሁን! ተሸፍነው ይናገሩ!"

አያ ሰማኸኝ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እግሩን አጣጠፈ፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋደመ።

"ስማ ተስፋሁን" አለ፤ "አህያዬን ስጠኝ።"

አቶ ተስፋሁን ፊቱ ደም መሰለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ በሽታ ያነሳ ሰው የለም፤ ውይይቱ ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሹማምንቱ ክብር ዞረ። ብዙም ሳይቆይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦ ሕዝቡ በየትም ቦታ ይሸፈናል፤ አመራር ፊት ሲቀርብ ግን ጭንብልም ጋቢም ይወርዳል።

"በሽታው ሹም መሆናችሁን አያውቅም!" አለች ዮዲት።

"በጽሑፍ አቅርቢ" አሏት።

በአዲሱ ውሳኔ መሠረት የአያ ሰማኸኝ ጥፋት ጥፋት መሆኑ ቀረ፤ አህያዋም ትፈታ ተባለ። ጋቢውን አውርዶ፣ አደግድጎ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ጌቶቼ" ብሎ ወጣ። ግቢው ውስጥ ሞላ የዝናብ ላስቲኩን ጆንያው ላይ ደርቦ፣ እሱ በስብሶ ቆሟል። አያ ሰማኸኝ እጁን ከተተ። ዳር ዳሩ አብጦ አጎንቁሏል፤ መካከሉ ደረቅ ነው።

"ተርፏል" አለ። "አንተ ልጅ፣ እግዜር ካንተ ይሁን።"

በሚቀጥለው ሐሙስ ሹም ያልሆነ ሰው ጠፋ። ቀራጩ አመራር ነኝ አለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የቀበሌው ጸሐፊ፣ የጸሐፊው ወንድም ሳይቀሩ እኛ ፊት አውርዱ አሉ። ገበያው ሙሉ አገጩን አስጥቶ ዋለ፤ ዮዲት ብቻ በሩ ላይ ቆማ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትለምን ነበር።

አያ ሰማኸኝ ግን ያን ዕለት ገበያ አልወረደም። ዝናቡ ፋታ ሰጥቶት የተረፈውን ስንዴ እየዘራ ነበር፤ ጋቢው እስከ አፍንጫው። ከፊቱ የሚሄዱት ሁለቱ በሬዎቹ ናቸው፤ አንዳቸውም ሹመት አልደረሳቸውም። ስለዚህ በወረዳው አዋጁ ሳይሸራረፍ የተከበረው እዚያ ማሳ ላይ ብቻ ነበር።