ማክሰኞ ማክሰኞ ጀልባዋን የሚጎትተው ማን ነው?

ኦርቮ ኪቬላ ሰው አያምንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ማዕድን ማውጫ ውስጥ ከባድ መኪና ሲነዳ፣ እሱ ወርዶ ሌላ ሹፌር በወጣበት ቁጥር መኪናው አንድ ነገር ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ ጡረታ ሲወጣ በገዛት ፒክ አፕ ከእሱ በቀር ማንም ጀልባ አስሮ እንዳይነዳ ከልክሏል።

አሜሪካ ውስጥ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ባለችው መንደራቸው ጀልባ የሌለው ቤት የለም። ከጀልባ ማውረጃው እስከ አውራ ጎዳናው ያለው ዳገት ደግሞ የስንቱን አውቶማቲክ ካምቢዮ እንደበላ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። በአሥራ አራት ዓመት ጎረቤቶቹ ሁለትም ሦስትም ካምቢዮ ሲቀይሩ፣ የኦርቮ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። «ካምቢዮን የሚገድለው ሙቀት ነው» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። ከራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ አስገጥሟል። ሌላው ሲያስታውስ የሚቀይረውን ዘይት እሱ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይቀይራል። ጀልባ ሲጎትት የመጨረሻውን ፈጣን ማርሽ ዘግቶ ነው፤ ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ለመለወጥም መኪናዋ ቀጥ ብላ ካልቆመች እጁ አይንቀሳቀስም።

በሐምሌ አንድ ረቡዕ ጧት ሞተሩን አሙቆ ኮፈኑን ከፈተና የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዘ። ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረገው። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡኒ ሆኗል። አሸተተው፤ ያረረ ዳቦ ይሸታል። ገና ሚያዝያ ላይ የተቀየረ ዘይት! ከዚያ ወዲህ ጀልባዋን የጎተተው አራት ጊዜ ብቻ ነው።

«ሰው ነክቷታል» አለ ብቻውን።

መቼ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አላሰበም። ባለፈው መስከረም ሐይቁ ላይ ሳለ ልቡ ቀጥ ሊል ደርሶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ጧት የሆስፒታሉ ሚኒባስ ወስዶት ስፖርት ሲያሠሩት ይውላሉ። ሚስቱ አይሊም ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያን ከሴቶቹ ጋር ብርድ ልብስ ስትሰፋ ነው የምትውለው። ቤቱ ባዶ፣ መኪናዋ ደጅ፣ ቁልፏ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ። ትርፍ ቁልፍ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የልጁ ባል ኮርቢን።

እሁድ ምሳ ላይ ሁሉም ተሰብስበው በሊጥ የተጠቀለለውን ሥጋና ድንች መብላት እንደጀመሩ፣ ኦርቮ ከሳህኑ ቀና ሳይል፣

«ኮርቢን፣ መኪናዬ እንዴት ናት?» አለ።

«የእርስዎ መኪና? ምን ሆነች?»

«እኔ ልጠይቅህ እንጂ። ዘይቷ ከሰል መስሏል። ዳገቱን ስታወጣት ማርሽ መቀነስ አልተማርክም?»

ኮርቢን ሹካውን አስቀመጠ። «እኔ ጀልባ የለኝም።»

«እኔ አለኝ። አንተ ደግሞ ቁልፍ አለህ።»

«አባዬ!» አለች ልጁ። አይሊ ጨው ላምጣ ብላ ተነሳች፤ ጨው ግን ገበታው ላይ ነበር። ኦርቮ ያን ጊዜ አላስተዋለም። ዓይኑ ኮርቢን ላይ ነበር። ኮርቢን ቁልፉን ከማንጠልጠያው ፈልቅቆ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠና፣ «ከዛሬ ጀምሮ መኪናዎ ቀርቶ ደጅዎንም አልረግጥም» ብሎ ወጣ። ልጁም እያለቀሰች ተከተለችው።

ኦርቮ በዚህ አላበቃም። ሰኞ ወደ መካኒኩ ላቢን ጋራዥ ሄደ።

«ሚያዝያ ላይ የሞላህልኝ ዘይት ምን ነበር?»

«ራስህ ቆመህ ጣሳውን አንብበኸው የለ እንዴ!»

«ጣሳውንስ አንብቤያለሁ። ውስጡ የነበረውን ግን እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«አንተ ሰውዬ፣ በገዛ ቀብርህ ቀንም ሳጥኑን ክፈቱና አሳዩኝ ሳትል አትቀርም!» ላቢን እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ስማኝ፤ አንድ ሰው ክብደት አስሮ፣ የላይኛውን ማርሽ ሳይዘጋ፣ ዳገቱን እየወጣ ነው። ካምቢዮው ወደ ላይ ይለውጣል፣ ያቅተዋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። እንዲያ ሲዋልል ነው ዘይቱ የሚያርረው። መካኒክ አትጠርጥር፤ ሹፌሩን ፈልግ።»

በማግስቱ ማክሰኞ ኦርቮ ሚኒባሱን ከመንደሩ ማዕዘን ላይ አስቁሞ ወረደ። በእግሩ እያዘገመ ሄዶ፣ ዳገቱ መሃል፣ ማውረጃው ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ቋጥኝ ጀርባ ተቀመጠ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የገዛ ፒክ አፑ ጀልባዋን እየጎተተች በፊቱ ቁልቁል አለፈች። ታች ደርሳ ዞረችና ተሳቢውን በአንድ ሙከራ ቀጥ አድርጋ ውሃው ውስጥ አስገባችው። ከሹፌሩ በር መጀመሪያ የወረደው የኦርቮ የጎማ ቦት ጫማ ነበር። ቀጥሎ አይሊ።

ኦርቮ በሌላኛው በር የሚወርደውን ሰው ጠበቀ። ማንም አልወረደም። አይሊ ብቻዋን ጀልባዋን ፈታች፣ መኪናዋን አቆመች፣ የጀልባዋን ሞተር አስነስታ ሄደች። ወደ ሐይቁ ከገባው ድንጋያማ ጫፍ ባሻገር ስትሰወር፣ በአርባ አራት ዓመት ትዳር አስቦት የማያውቀው ጥርጣሬ ያዘው። እዚያ ማዶ የሚጠብቃት ማን ነው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ከቋጥኙ ጀርባ ሳይነሳ ጠበቃት።

አይሊ ብቻዋን ተመለሰች። ሁለት ዓሣ በገመድ አንጠልጥላለች። ጀልባዋን ተሳቢው ላይ አውጥታ አሰረችና ዳገቱን ጀመረች። ሞተሩ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። ኦርቮ መታገሥ አልቻለም። መንገዱ መሃል ዘሎ ገባ።

«ማርሹን ቀንሺ! በፈጠረሽ፣ ማርሹን ቀንሺ!»

አይሊ ፍሬን ያዘች። «ኦርቮ! ልብህ!»

«ልቤን ተዪው፤ የሚሞተው ካምቢዮው ነው! ከማን ጋር ነበርሽ?»

«ከዓሣ ጋር» አለች። ቀልዱ ግን ፊቷ ላይ አልቆየም። «መስከረም ላይ ጀልባዋ ውስጥ ስትወድቅ ትዝ ይልሃል?»

«ወድቄ እንዴት ትዝ ይለኛል?»

«እኔ ትዝ ይለኛል። ራስህን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሞተሩን ማስነሳት ሳላውቅ፣ ሰው እስኪያየን ድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ እጄን ሳውለበልብ። አርባ አራት ዓመት አብሬህ ወጣሁ፤ አንድ ቀን መሪ አስጨብጠኸኝ አታውቅም። ሁለተኛ እንደዚያ አልቀመጥም።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ...»

«ብነግርህ መኪናዋን በሰንሰለት ታስራት ነበር።»

ኦርቮ ዞር ብሎ ተሳቢውን አየ። «ወደ ኋላ መግፋቱን ማን አስተማረሽ?» አለ።

«ማንም። አንተ ስትሳደብ እያየሁ ተማርኩ።»

«ኮርቢንስ? ስወነጅለው ዝም ብለሽ አየሽ።»

አይሊ መሪው ላይ አቀረቀረች። «እሱ የኔ ኃጢአት ነው።»

ኦርቮ ዞሮ በተሳፋሪው በር ገባ። በዚያ በኩል ተቀምጦ አያውቅም፤ ቀበቶውን እስኪያገኝ ተቸገረ። «ከማርሽ መለወጫው ጫፍ ያለችውን ቁልፍ ተጫኛት፤ የላይኛውን ማርሽ ትዘጋለች። አዎ። አሁን ነዳጁን በቀስታ።» ሞተሩ አንድ ድምፅ ይዞ፣ ሳይዋልል ዳገቱን ወጣ።

«ይኸው ነው?» አለች አይሊ።

«ይኸው ነው።»

በዚያው ቀን ሁለቱም ኮርቢን ደጃፍ ቆሙ። አይሊ ዓሣ፣ ኦርቮ ቁልፉን ይዘዋል። ሁለቱም ጥፋታቸውን ተናገሩ። ኮርቢን ዓሣውን ተቀበለ፤ ቁልፉን ግን መለሰ። «ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይጎድላል» አለ፤ «ያኔ ዓይንዎ የሚመለሰው ወደ እኔ ነው።» ኦርቮ ሊከራከር ፈልጎ ተወው፤ እውነት ነበርና። ኮርቢን ለእሁድ ምሳ የመጣው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ቁልፉን እስከ ዛሬ አልወሰደም።

ላቢን ዘይቱን ደግሞ ቀየረ፤ ካምቢዮውም ሳይጎዳ ተረፈ። መስከረም ሲገባ አይሊ ሌላ ሐይቅ እንሂድ አለች፣ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ እሷ እየነዳች። ኦርቮ የመጀመሪያዎቹን ዳገቶች ጆሮውን ቀስሮ፣ ዓይኑን እጇ ላይ ተክሎ አለፋቸው። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ አንድ ዓይነት ሆኖበት እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ መኪናዋ ቆማለች፣ ጀልባዋ ውሃው ላይ ነች፤ አይሊም ከታች፣

«ትመጣለህ ወይስ ጥዬህ ልሂድ?» እያለች ትጣራለች።