ጥቁሩና ሰማያዊው የከድር ደብተር

ከድር ሞተ ብለውኝ እስካሁን አላመንኩም። ትናንት ደውሎ "ጋሼ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ወንበሬን እንዳያነሱት" ያለኝ ሰው ዛሬ እንዴት ይሞታል? ተኝቶ አልነቃም አለችኝ ሚስቱ። ከቀትር በኋላ ቀብረነው መጣን።

ይህን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ቤዛ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አየር ጤና ሰፈር ልብስ ሰፍቼ ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ አላፍርበትም። የምናገረውን እንዳለ ጻፊው፣ አታሳምሪው ብያታለሁ።

ከድርን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ተማሪ እያለ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ቀን ሕግ ይማራል፣ ማታ አካውንቲንግ። ሁለቱን አንድ ላይ!

ሰፈሩ ሁሉ "አንዱን ተው፣ ታብዳለህ" ይለዋል። አልዋሽም፣ እኔም ብዬዋለሁ።

"ሁለት ሱሪ ደርቦ የሚሄድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ እኔ የያዝኩት እኮ ሱሪና ኮት ነው" አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ይመጣና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ፣ ሳምንቱን የተማረውን ያስረዳኛል። አልገባኝም ካልኩት አይናደድም። "ጋሼ ካልገባዎት እኔም አልገባኝም ማለት ነው" ይልና ደብተሩን እንደገና ይገልጣል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለው። አንዴ "ይቺ መኪናዎ በየዓመቱ ዋጋዋ ይቀንሳል፣ በሂሳብ እንደዚያ ነው የሚያዘው" ሲለኝ ደሜ ፈላ። "የምትቀንሰው አንተ ነህ!" ብዬ ከሱቅ አባረርኩት። በሩ ጋ ቆሞ አስረድቶኝ ጨረሰ።

አንድ ቀን ለሕግ ፈተና በጠዋት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤት ሱቅ ስልክ ደውሎ አስጠራኝ።

"ጋሼ፣ የመፈተኛ ወረቀቴን ረስቼዋለሁ። ያለሱ አያስገቡኝም፣ ዓመቱ ይበላሽብኛል።"

"የት ነው ያለው?"

"አካውንቲንግ የሚለው ደብተር ውስጥ።"

"አካውንቲንግ የሚለውን በምን ልለየው?"

ማንበብ እንደማልችል ረስቶት ነበር።

ባለሱቁን ጠርቼ ማስነበብ እችል ነበር። አልጠራሁም። ደብተር መለየት አቃተው እንዲባል አልፈለግኩማ! ክፍሉ ውስጥ ያገኘሁትን ደብተርና መጽሐፍ በሙሉ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ፣ በጫንቃዬ ተሸክሜ ታክሲ ተራ ሄድኩ።

ወያላው "አባት፣ ድንች ከሆነ ላይ ይጫን" አለኝ።

"ሕግ ነው። አጠገቤ ይቀመጣል" አልኩት። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ይሳቁ።

የግቢው በር ላይ ዘበኛው ሊመልሰኝ ሲል ከድር እየሮጠ ደረሰ። ማዳበሪያውን ሳሩ ላይ ዘረገፍነው። ጓደኞቹ ሁሉ ተንበርክከው ፈለጉ። አንዷ ልጅ ወረቀቱን አግኝታ ብትዘረጋለት፣ እሱን ትቶ መጀመሪያ እኔን አቀፈኝ።

"ሂድ ግባ አንተ!" ብዬ ገፋሁት። ገባ። አለፈም።

በማግስቱ ለደብተሮቹ ሁሉ የጨርቅ ልባስ ሰፋሁላቸው። ሕጉን ጥቁር አደረግኩት፣ የዳኛ ካባ እንዲመስል። አካውንቲንጉን ሰማያዊ፣ ከተማሪ ዩኒፎርም ከተረፈ ቴትሮን ጨርቅ። ከዚያ ወዲያ "ጋሼ፣ ሰማያዊውን ያቀብሉኝ" ሲለኝ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

ሁለቱንም ጨረሰ። ዓለም ባንክ ሰፈር የራሱን ቢሮ ከፈተ። የሰፈራችን ነጋዴ ውሉንም የሂሳብ መዝገቡንም ይዞ አንድ ሰው ጋ ነበር የሚሄደው። ቅዳሜ ግን አልቀረም። ከጊዜ በኋላ የሚያስረዳው እሱ መሆኑ ቀረና እሱ ሰሚ ሆነ። ቤዛም ቀን ሕግ፣ ማታ አካውንቲንግ መማር ጀምራ ስለነበር አስረጂዋ እሷ ሆነች።

ዘንድሮ ከበዳት። አካውንቲንጉን ለማቋረጥ ፎርም ሞልታ፣ ሰኞ ላስገባ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ነበር። ከድር በዚህ ቅዳሜ ሊመጣ የነበረው ለዚሁ ነው። "መጀመሪያ ታስረዳኝ፣ ከዚያ ታቋርጥ" ብሎኝ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ "አባባ፣ አሁን ማን ይሰማኛል?" አለችኝ።

"እኔ ምን ሆንኩ? ከድርን ሕግ ያስተማርኩት እኔ አይደለሁ?"

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። "ካልገባዎትስ?"

"ካልገባኝ አንቺም አልገባሽም ማለት ነው። ደብተርሽን ትገልጫለሽ።"

ቤት ከገባን በኋላ ያንን ፎርም አውጥታ ሰጠችኝ።

"ምን ላድርገው? እንደማላነብ እያወቅሽ" አልኳት።

"እንዲያነቡት አይደለም አባባ። ለልክ ይሁንዎት።"

ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ልኩን በወረቀት እንደማወጣ ታውቃለች። ፎርሙን ደብተሯ ላይ ዘረጋሁትና በመቀሴ ዙሪያውን ቆረጥኩት። ሰማያዊ ጨርቅም አለኝ፣ አላለቀም።

ከድር ልጄ፣ የምትቀብረኝ አንተ ነበርክ። ቀድመኸኛል፣ ይህን አልወደድኩልህም። ወንበርህን ግን አላነሳሁትም። ቅዳሜ ቤዛ ትቀመጥበታለች፣ እኔም መኪናዬን እየረገጥኩ እሰማታለሁ። አላህ ጀነቱን ይስጥህ። እዚያ በር ላይ የመፈተኛ ወረቀት ከጠየቁህ አትደንግጥ፣ ማዳበሪያዬን ተሸክሜ እመጣለሁ። ቤዛ ሁለቱንም እስክትጨርስ ግን ጠብቀኝ፣ አሁን ሥራ ይዣለሁ።

ሂድ ግባ አንተ።