ከኋላ የሚመጣው ጎማ

የባሌን ታናሽ ወንድም ሰፈሩ ሁሉ «ቀስበል» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከአፉ ነው። በሥራ ቀን መነፅር ቤት ቁጭ ብሎ መስታወት ይሞርዳል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከከተማው በላይ ባለው ጫካ ውስጥ የተራራ ቢስክሌት መንዳት ለሚፈልጉ ሰዎች ያስተምራል። የትም ቢሆን ግን ቃሉ አንድ ነው፤ ቀስ በል፣ ቀስ በይ፣ ቀስ በሉ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጄም አፌም ፈጣን ነው። ዋርሳዬ አንድ ወሬ ጀምሮ እስኪጨርስ እኔ ሁለት እጅጌ እገጥማለሁ። ይህን ስለው ይስቃል፤ ሲስቅ እንኳ ግን አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ከኋላው የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ይመስላል።

የሚያዳምጠውን አውቃለሁ። እዚያ ላይ ከመድረሴ በፊት ግን ሲያስተምር ያየሁትን ልናገር።

ጀማሪዎችን መጀመሪያ ወደ ጫካ አይወስዳቸውም። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ጣውላ ያነጥፍና በዚያ ላይ ያስነዳቸዋል። «ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ አትውረዱ፤ ብድግ በሉ። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ይሁኑ፤ አንዱ ከወረደ ድንጋይ ይነካል። ጉልበታችሁንና ክርናችሁን ዘና አድርጉ። ለፍሬን አንድ ጣት ይበቃል። የፊቱን ብቻ ጭምቅ ያደረገ ሰው በመሪው ላይ ተሻግሮ አፈር ይልሳል። ፍጥነት የሚቀነሰው መታጠፊያው ጋ ሳይደረስ ነው፤ ከገባችሁበት በኋላ ፍሬን ብትይዙ ጎማው ይከዳችኋል። ካስፈራችሁ ደግሞ ውረዱና በእግራችሁ እለፉ፤ ማንም አይስቅባችሁም።» እንዲህ ብሎ ብሎ በመጨረሻ ወደ ዋናው ይመጣል። «ጎማ የሚሄደው ዓይን ወደ ሄደበት ነው። ድንጋዩን ያየ ድንጋዩን ይመታል፤ ገደሉን ያየ ገደል ይገባል። መሄድ የምትፈልጉበትን ብቻ እዩ። ወደ ኋላማ ጨርሶ እንዳትዞሩ።»

ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገር ድምፁ ይወርዳል። ተማሪዎቹ ግን ልብ አይሉም።

ጫካው ውስጥ ሲወርዱ እሱ ከፊት ይመራል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ግን በጣም ርቆ እንዲከተለው ያዛል፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ከሚራራቁት እጥፍ ነው። ለጥንቃቄ ይመስላቸዋል። ያ ክፍት ቦታ የባሌ ነው።

ባሌ የወንድሙ ተቃራኒ ነበር። ቤት ቀለም ይቀባ ነበር፤ መሰላል ላይ ሆኖ ሲዘፍን ከሦስተኛው ቤት ይሰማል። ሁለቱ አብረው ሲወርዱ ታናሹ ይመራል፣ ታላቁ ይከተላል፤ ባሌ ከቀደመ ማንም አይደርስበትማ። ቢስክሌት ፔዳል መምታት ሲተዉ የኋላው ቸርኬ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ፔዳል ሲመቱ ዝም ይላል። የባሌ ቸርኬ ውስጥ አንድ ጥርስ ተሰብሮ ስለነበር ድምፁ ያነክስ ነበር፤ ጠቅ ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ ጠቅ፣ ዝም። «ኧረ አሠራው፣ ጆሮዬን በላኸው» ብዬ ስጨቀጭቀው «ታዲያ ወንድሜ ከኋላው ያለሁት እኔ መሆኔን በምን ይወቅ?» ይለኛል። እውነትም ዞሮ የማያይ ሰው የኋላውን የሚያውቀው በጆሮው ነው።

በዚያ ክፉ ቀን፣ ትልቁ ጥድ ካለበት መታጠፊያ ላይ ድምፁ ቆመ። ዋርሳዬ «ፔዳል መታ» ብሎ አሰበ። ሌላ ምን ያስብ? ሳይዞር ወረደ። ታች ሜዳው ላይ ደርሶ ውሃ ጠጣ፣ የጫማውን ክር አሰረ፣ ጠበቀ። ባሌ ግን ጥዱ ጋ ወድቆ ቀርቷል። ሐኪሙ በኋላ «ወዲያው ነው ያረፈው፤ ብትደርስም ምንም አታደርግለትም ነበር» ብሎታል። ሐኪሙን ግን አላመነውም።

ከቀብሩ በኋላ ብዙ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር መጣና ማሽኔ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«እትዬ፣ ይከተለኛል» አለኝ።

«ማን?»

«እሱ። ከላይ ስነሳ ይጀምራል። ያ የሚያነክሰው ድምፅ። ጥዱም ጋ አይቆምም፤ እስከ ሜዳው ድረስ አብሮኝ ይወርዳል። ታች ደርሼ ስዞር ማንም የለም።»

ላጽናናው ይገባ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ያልመጣ ሰው ላንተ በየሳምንቱ ይመጣል?» አልኩት። ቢስክሌቱ ከመኝታ ቤቴ በር ፊት ለፊት ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስንት ጊዜ ጋደም ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ጠብቄያለሁ! የአይጥ ኮቴ እንኳ አልሰማሁም። ቀናሁ፤ በገዛ ባሌ ቀናሁ።

በቀብሩ ጊዜ ትንሽ የነበረችው ልጃችን አደገችና ቁመቷ ለአባቷ ቢስክሌት በቃ። የእሱን መንገድ ካልወረድኩ አለች። ቤቱን በጩኸት አናጋሁት። እሷ ግን በግትርነት በእኔ ወጥታለች። ተደብቃ ብቻዋን ከምትሄድ ቀስበል ይያዛት ብዬ እያረርኩ ፈቀድኩ። ጎማው ደርቆ፣ ፍሬኑ ዝጎ ስለነበር ጠጋኝ ቤት ወሰደችው። ምን እንዳስቀየረች አልጠየቅኋትም፤ ያን ቢስክሌት ዓይኔ እንዲያየው አልፈለግሁም።

ዋርሳዬ ክረምቱን ሙሉ ሜዳው ላይ አለማመዳት። የመውረጃው ቀን ሲቃረብ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ የት ላድርጋት? ከፊት እንዳላስቀድማት መንገዱን አታውቀውም።»

«ከኋላህ ትሁና።»

«እዚያማ እሱ አለ። እሷን አስገብቼ እሱን ወዴት ልላከው?»

«እሷ በሕይወት ያለች ናት» አልኩት። «እሱ ጠጋ ይበልላት።»

የወረዱ ዕለት ማሽኑ ላይ ክሩ እየተበጠሰብኝ ዋልኩ። የሆነውን ሁለቱ እየተቀባበሉ ነገሩኝ።

ከላይ እንደተነሱ ዋርሳዬ ድምፁን ሰማ፤ ጠቅ ጠቅ፣ ዝም። እንዲያው ደስ አለው። የወንድሜ ቢስክሌት ነው፣ የምትነዳውም ልጁ ናት ብሎ ትከሻው ቀለለው። ያን ድምፅ ያለ ፍርሃት ሲሰማ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! ጥዱን እንዳለፈ ድምፁ ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ ፔዳል እንደማይመታ ራሱ ነው ያስተማራት። ቢስክሌቱን ወረወረ፤ ዞረ፤ ሽቅብ ሮጠ።

ልጄ ጥዱን አይታው ነበር። «እማዬ፣ እንዴት አላየውም? አባዬ የወደቀበት እኮ ነው!» ዓይኗ ሄደ፣ ጎማው ተከተለ፤ ስትደነግጥ የፊቱን ፍሬን ጨመቀችው። ቢስክሌቱ መንገዱ ዳር ቀረ፤ እሷ ወደ ገደሉ ተንሸራታ አንድ ሥር ይዛ ተንጠለጠለች። ደረቷ ስለተመታ ትንፋሽ አጣች። «አጎቴ፣ አጎቴ እላለሁ፤ ድምፄ ግን አይወጣም» አለችኝ። ሥሩ ከአፈሩ እየተነቀለ ነበር። ዋርሳዬ በሆዱ ተኝቶ በእጅጌዋ ያዛት። ጃኬቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ስፌቱ አልተተረተረም። ጎትቶ አወጣት።

ክርኗን አጥቤ ካሰርኩላት በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ አልን። ለዋርሳዬ ሻይ ቀዳሁለት።

«ድምፁ ባይቆም ኖሮ አልዞርም ነበር» አላት። «ያ የተሰበረ ጥርስ ነው ያተረፈሽ። እድሜ ልክሽን እንዳታስጠግኚው።»

«የቱ ጥርስ?»

«የኋላው ቸርኬ ነዋ። የሚያነክሰው።»

ልጄ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እሱን። «አጎቴ፣ እሱን እኮ አስቀይሬዋለሁ። አሮጌው ከጓዳው በር ጀርባ ተሰቅሏል። አዲሱ ድምፅ የለውም።»

አላመናትም። ወጥታ ቢስክሌቱን አስገባችና ኋላውን ብድግ አድርጋ ቸርኬውን አሽከረከረችው። ሦስታችንም ጆሯችንን ሰጠን። ቸርኬው ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ምንም አልተሰማም።

ዋርሳዬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እኔ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ፤ አሮጌውን ቸርኬ ከሚስማሩ ላይ አወረድኩና በጣቴ ገፋ አደረግሁት። ጠቅ ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ ጠቅ፣ ዝም። ያን ያህል ዓመት የጠበቅሁት ድምፅ በገዛ ጣቴ መጣ። ቸርኬውን እንዳቀፍኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዋርሳዬ ብቻውን ወጣ። ሲመለስ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ፤ የሚያሳጥረው ሱሪ አልያዘም። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ድሮው አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ ከዚያ ቀና አለ።

«እትዬ፣ የለም» አለ። «ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። ሁለቴ ወረድኩ። ሄዷል።»

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ፊቱ ግን የቀብሩ ቀን የነበረው ፊት ነበር። ከማሽኑ ተነስቼ አንገቱን አቀፍኩት፤ ገና ያን ዕለት እንደሞተ አድርገን አለቀስንለት።