አባባ ወደ በሩ የዞሩ ዕለት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ "እማማ፣ ድሮ እናየው ነበር ያልሽው የካውቦይ ተከታታይ ፊልም ይሄ ነው?" አለችኝ። ጥቁርና ነጩ ምስል፣ አቧራው፣ ባለ ሰፊ ባርኔጣው ፈረሰኛ፤ ራሱ ነበር። ሁለት ክፍል አብረን አየን። ሦስተኛው ላይ "ዓይኔን ደከመኝ" ብዬ ተነሣሁ። ዓይኔን ግን አልደከመኝም።

በንጉሡ ዘመን፣ እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ሰበታ በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የነበረው ሀጂ ሰይድ ቤት ብቻ ነው። ሀጂ ነጋዴ ነበሩ። ከጅማ ቡና የሚያመላልሰው የጭነት መኪና የእሳቸው ሲሆን፣ ሾፌሩ አባቴ ነበሩ። ካውቦዩ በሚታይበት ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሳሎናቸው ይሰበሰባል። ባለቤታቸው ትኩስ ሳምቡሳና ቀረፋ የበዛበት ሻይ ያቀርባሉ። ክረምት ከሆነ ጭቃ የለወሰው ጫማ ደጃፉ ላይ ይከመራል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለነበር አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ግማሹን ከራሴ እየፈጠርኩ እንደነበር ዛሬ ብናዘዝ የሚቀየመኝ የለም።

ከሁሉም በላይ የሚጠይቁኝ አባባ ነበሩ። "ምን አለ? አሁን ደግሞ ማን መጣ?" ይሉኛል። ቋንቋው ቸግሯቸው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት ምንም ንግግር የሌለበት ቦታ ደረሰ። ፈረሰኛው ምንጭ ዳር ጎንበስ ብሎ ውሃ ይጠጣል፤ ሽፍታው ጠመንጃውን ደግኖ ከኋላው ይመጣል። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ አላስቻላቸውም።

"ዱባ ኬ ኢላሊ! ኧረ ወደ ኋላህ እይ!" ብለው ጮኹ።

አባባ ደንግጠው ወደ ኋላቸው፣ ወደ በሩ ዞሩ። ሰዉ ሁሉ አውካካ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔ ግን ፊታቸውን አየሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ያዙኝ።

"ከኋላው የነበረው ማን ነው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አባባ፣ አይታይዎትም እንዴ?"

"ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል እንጂ መንገዱን አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት የተመላለስኩበት ነው።"

"መንገዱንስ ያውቁታል፤ መንገዱ ላይ ያለውን ሰውስ?"

ቤት ስንደርስ፣ "ለማንም ብትተነፍሺ ልጄ አይደለሽም" አሉኝ።

ሐሙስ ወደ ጅማ ሊነሡ ነበር። እስከዚያው ሦስት ቀን ነበር። ጠዋት ጠዋት የአስፋልቱን ዳር ይዘው ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ሕፃናት፣ አህያ እየነዱ ገበያ የሚወጡትን ሴቶች አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሀጂ ቤት ሄጄ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሀጂ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተከትለውኝ ወጡ። አባባ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሞተሩን እያሞቁ ሳለ ደረስን።

"በቀለ ወንድሜ፣ ሞተሩን አጥፋና ቁልፉን ስጠኝ። እኔ ዘንድ ሌላ ሥራ አታጣም።"

"ማን ነገረዎት?"

ሀጂ እጃቸውን ለቁልፉ ዘረጉ። የእኔ ሳግ ተሰማ። አባባ ድምፁ ወደመጣበት ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወርደው ቁልፉን አስረከቡና አጥሩን በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ቤት ገቡ።

አዲስ አበባ ወስደናቸው ሐኪሞቹ "ጊዜው አልፏል" አሉ። ሀጂ መጋዘን እንዲጠብቁላቸው ቢለምኗቸው እምቢ አሉ። አራት ዓመት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ እየለዩ ኖሩ። እኔን "ውሃ ስጪኝ"፣ "በሩን ዝጊው" ከማለት በቀር አላነጋገሩኝም። ሀጂ ቤት ዳግመኛ ፊልም ሊያዩ አልሄዱም፤ እኔም አልሄድኩም። በአራተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ሳንባቸውን ታመው ዐረፉ።

ከአርባቸው በኋላ እናቴ ልብሳቸውን እያጣጠፈች፣ "አባትሽ 'ልጅቷ ባትናገር ኖሮ የሰው ነፍስ አጠፋ ነበር' ይለኝ ነበር" አለችኝ።

"መቼ?"

"ስንት ጊዜ! ራሱ ይነግራታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ዛሬ አባባ ከሞቱበት ዕድሜ አልፌ ሄጃለሁ። የሠራሁት ትክክል እንደነበር ያኔም አውቅ ነበር። የሚያብከነክነኝ ያ አራት ዓመት ነው። በአንድ ጣራ ሥር፣ እሳቸው ያንን ቃል ይዘው እኔም "ይቅር ይበሉኝ" የሚለውን ይዤ፣ በየፊናችን ዝም አልን። እኔ ወጣት ነበርኩ፤ ጊዜ ያለ መስሎኝ ነበር። ቀድሜ ሄጄ አጠገባቸው ብቀመጥ ኖሮ፣ እንደማያባርሩኝ አሁን አውቃለሁ።